አንዱን ቢራ ሁለት ጊዜ ለፈረዱት ሰብሳቢ

ለክቡር የቢራ ጣዕም ዳኞች ጉባኤ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ስለ ወገብዎ፣ ስለ ጉልበትዎና ስለ ደም ግፊትዎ የሚጠይቅ ወዳጅ እንደማያጡ ስለማውቅ፣ እኔ በበኩሌ የምጨነቀው ማንም አስታውሶ ለማያውቀው ለምላስዎ ብቻ ነው። እንደምን ሰነበተ? ከዚያ ቅዳሜ ድካም አገግሞ እንደሆነ፣ መራራውን ከጣፋጭ፣ ትኩሱን ከቀዝቃዛ መለየት ጀምሮ እንደሆነ ለመስማት እጅግ እጓጓለሁ። ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድለት።

ማን እንደምጽፍልዎ ምናልባት አያስታውሱ ይሆናል። በውድድሩ ዕለት በክብር እንግድነት ጠርተው ከአዳራሹ በስተኋላ ያስቀመጧት ከዘራ የያዘች አሮጊት ነኝ። እርስዎ ወደዚያ ወንበር ከመምጣትዎ በፊት በዚያው መሥሪያ ቤት የቅምሻ ክፍሉን ሠላሳ አንድ ዓመት በኃላፊነት ይዤ ነበር። ሁለት ጊዜ በታሸገ ፖስታ ጽፌልዎ፣ ለመጀመሪያው «ደርሶናል»፣ ለሁለተኛው «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ጸሐፊዎ በማኅተም አስውበው ልከውልኛል። ሂደቱ በመጪው ሐሙስ እንደሚያልቅና በዚያው ስብሰባ አንዲት ጥፋት የሌለባት ሠራተኛ «በማታለል» ተብላ እንደምትባረር ስለሰማሁ፣ ሦስተኛውን ደብዳቤ ሳላሽግ በጋዜጣ መላክ ግድ ሆነብኝ።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። እርስዎማ ያውቁታል፤ ባያውቁትም ፈርመውበታል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ጠዋት፣ እርስዎን ጨምሮ አምስት ዳኞች ያሉት ጉባኤዎ አሥራ ሁለት ብርጭቆ የፒልስነር ቢራ ቀምሶ እንዲፈርድ ተሰብስቦ ነበር። ፒልስነር የሚባለው ያ ወርቅማው፣ ጥርት ያለው፣ ነጭ አረፋ የደፋው፣ መጠጥ ቤት ገብቶ «አንድ ቢራ» ያለ ሰው ሁሉ ፊት የሚቀመጠው ቢራ ነው። ስለለመድነው ቀላል ይመስለናል እንጂ ለጠማቂ ከእርሱ የከፋ ፈተና የለም። ጥቁር ቢራ ጥፋቱን በጥቁረቱ ይሸሽጋል፤ ፒልስነር ግን ከኋላው የሚደበቅበት ነገር የለውም። እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ከተቸኮለ ቅቤ ቅቤ ይላል፤ ብቅሉ በወጉ ካልፈላ የተቀቀለ በቆሎ ይሸታል፤ ጠርሙሱን ፀሐይ ከመታው ደግሞ ምን እንደሚሸት በጋዜጣ አይጻፍም። ደህና የተጠመቀ እንደሆነ ግን መጀመሪያ የትኩስ ዳቦ ቅርፊት ይሸታል፤ ከዚያ የሆፕ አበባው ምሬት ዘግየት ብሎ ይመጣል፣ ጉሮሮ ላይ አንድ ጊዜ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ሳይሰናበትም ይሄዳል፤ ሰውየውም ሳያስበው እጁ ወደ ብርጭቆው ይመለሳል። ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት ጠማቂ «እጁን እዩት፤ አፍ ይዋሻል፣ እጅ አይዋሽም» ይሉን ነበር።

ብርጭቆዎቹን አጥባ፣ ቁጥር ለጥፋ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቀድታ የምታቀርበው፣ በመሥሪያ ቤታችሁ ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ «እታለም» የሚላት ሴት ናት። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይታለች። የቱ ቁጥር የየትኛው ጠማቂ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ከእሷ ሌላ የሚያውቅ ቢኖር የታሸገው ፖስታ ነው። የሐሙሱ ተከሳሽም እሷ ናት።

አሁን ወደ አቤቱታዎቼ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ መዓዛዎ። ክቡርነትዎ ወደ አዳራሹ ሲገቡ ሽቶዎ ቀድሞዎት ገባ፤ ሲወጡም ከእርስዎ በኋላ ብዙ ቆይቶ ወጣ። መመሪያው ዳኛ በቅምሻ ቀን ሽቶ እንዳይቀባ በግልጽ ይከለክላል፤ ይሁን እንጂ ሕጉ የወጣው ለሚያሸት ዳኛ እንጂ ለሚሸት ዳኛ አይደለም ብለው ተርጉመውት ከሆነ፣ አልፈርድብዎትም። በቀኝዎ የተቀመጡት ወፍራሙ ዳኛ እስከ አምስተኛው ብርጭቆ ድረስ ሦስት ጊዜ አስነጠሱ፤ እርስዎም በርኅራኄ ዞር ብለው «ቢራው ነው» አሉና ከአምስተኛው ቢራ ላይ ነጥብ ቀነሱ። ወዲያው ደግሞ ስድስተኛው ከመቅረቡ በፊት ከኪስዎ የናና ከረሜላ አውጥተው ጉንጭዎ ውስጥ ወሸቁ። በዳኛ ምላስ ላይ የናና ከረሜላ ማለት በምስክር ዓይን ላይ የታሰረ ጨርቅ ማለት ነው።

ሁለተኛው አቤቱታዬ ስለ ተሰጠኝ ወንበር ነበር። የግል ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት ሰርዤዋለሁ። ቁጥሩን ግን አላስተካከልኩም፤ የተሰረዘ ነገር መሰረዙ እንዲታይ ተደርጎ ይሰረዛል ተብዬ ነው የተማርኩት።

ሦስተኛ፣ ስለ መትፋትዎ። እያንዳንዱን ጉንጭ ከአንዱ ጉንጭዎ ወደ ሌላው ካንገላቱ በኋላ ሲተፉት አየሁ። እታለም ይህ ይመጣል ብላ መትፊያ ስላላዘጋጀች፣ ከመድረኩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ አንስታ አቀረበችልዎ። አበባው የላስቲክ ስለነበር ተርፏል። ይህን ሥርዓት ያገኙት ከወይን ጠጅ ቀማሾች ፊልም ሳይሆን አይቀርም። ወይን ጠጅ ይተፋል፤ ቢራ ግን ይዋጣል፤ ምሬቱ የሚታወቀው ከምላስ ሥር አልፎ ወደ ጉሮሮ ሲወርድ ነውና። ሳይውጡ ስለ ቢራ ምሬት መፍረድ ፖስታ ሳይከፍቱ ለደብዳቤ መልስ እንደ መስጠት ነው፤ ይህንንም ልምድ ከራስዎ ጽሕፈት ቤት ወደ ቅምሻው እንዳመጡት እገምታለሁ።

አራተኛ፣ ስለ አንደበትዎ። ይህኛው ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

በቅምሻ ክፍል አንድ የቆየ ሥርዓት አለ። ዳኛ ያሸታል፣ ይቀምሳል፣ ይጽፋል፣ ወረቀቱን ይገለብጣል፤ አምስቱም ከገለበጡ በኋላ ብቻ አፍ ይከፈታል። ምክንያቱ ጨዋነት አይደለም። የሰው ምላስ ለጎረቤቱ ጆሮ ስለሚገዛ ነው፤ አንዱ «ቅቤ ቅቤ ይላል» ካለ፣ ቅቤ በሌለበት አራቱም ቅቤ ያገኛሉ። በዚህም ላይ የተናገረው ሰው የወንበሩ ባለቤት ከሆነ፣ ቅቤውን ዳቦ ላይ ቀብተው ለመብላት የሚጋፉ አይጠፉም።

ስድስተኛው ብርጭቆ ቀረበ። እርስዎ ከረሜላውን በጉንጭዎ እንደያዙ አንድ ጊዜ ተጎንጭተው፣ ወደ ላስቲኩ አበባ ተፍተው፣ ብዕርዎን ሳያነሱ፣ «ይሄ ቢራ ነው? ወለል የተወለወለበት ውሃ ነው እንጂ! የጠመቀውን ሰውዬ መጀመሪያ እጁን አስታጥቡልኝ!» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ከአራቱ ዳኞች የሦስቱ ብርጭቆ ገና ከአፋቸው አልደረሰም ነበር፤ ብዕሮቻቸው ግን በአንድነት ጎንበስ ሲሉ አየሁ። ወጣቷ ዳኛ ብቻ ቀምሳ ቅንድቧን አነሳችና «ኧረ እኔስ ደህና…» ብላ ጀመረች። እርስዎም «ምነው እህቴ፣ ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?» ሲሏት ቀሪውን ዋጠችው። በዚያ ቀን ከዳኞች ጠረጴዛ በወጉ የተዋጠ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ስድስት ቁጥር ከሃምሳ አሥራ ሰባት ነጥብ አገኘ።

አሥራ ሁለተኛው ብርጭቆ በሚቀርብበት ሰዓት የቴሌቪዥን ሰዎች ካሜራቸውን ተሸክመው ገቡ። ከረሜላው አልቆ ነበር። እርስዎ ከወንበርዎ ተነሥተው ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አደረጉ፤ ቀመሱ፤ ካሜራው ስላለም በዚህኛው አልተፉም። ቀጥለው «ይኸው! ፒልስነር ማለት ይኸው ነው ወገኖቼ! ይህን የጠመቀ እጅ ይባረክ!» አሉ። ወፍራሙ ዳኛም «ክቡር ሰብሳቢ፣ ከአፌ ነጠቁኝ!» ሲሉ ሰማሁ። ከአፋቸው ምን እንደተነጠቀ አልገባኝም፤ ብርጭቆአቸው ገና ሙሉ ነበር። አሥራ ሁለት ቁጥር አርባ ሰባት ነጥብ አግኝቶ የወርቅ ተሸላሚ ሆነ።

አምስተኛ፣ ስለ ፖስታው። ነጥብ ተደምሮ፣ ጭብጨባ ተጨብጭቦ፣ የማን ቢራ እንደሆነ እንዲታወቅ የታሸገው ፖስታ ተከፈተ። ጸሐፊዎ ዝርዝሩን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡ ቆዩና አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ አቋረጡ። መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ደግመው አዩት። «ስድስት ቁጥር፣ የድልድዩ ጠማቂ» አሉ። ቀጥለውም ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ «አሥራ ሁለት ቁጥር… የድልድዩ ጠማቂ» አሉ። የድልድዩ ጠማቂ የሚባለው በድልድዩ ሥር ትንሽ መጥመቂያ ያለው፣ ለውድድሩ አንድ ዓይነት ቢራ ብቻ ያስገባ ሰው ነው። ለካስ ስድስት ላይ ይታጠብልኝ ያሉትና አሥራ ሁለት ላይ የባረኩት አንድ እጅ ኖሯል!

«ማነው የደባለቀው?» አሉ እርስዎ፤ ድምፅዎ ከቢራው ይልቅ አረፋ ነበረው።

እታለም እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከመጋረጃው ወጣች። «አልተደባለቀም ጌታዬ፤ ድጋሚው ነው» አለች።

«የምን ድጋሚ?»

«የአንቀጽ ዘጠኙ።»

«የማን አንቀጽ ዘጠኝ?»

«የእርስዎ፣ ጌታዬ። መመሪያው ላይ ፈርመውበታል።»

ክቡር ሆይ፤ አንባቢዎቼ እንደ እርስዎ ስላልፈረሙ አንቀጽ ዘጠኝን ልንገራቸው። በእያንዳንዱ ውድድር ከቀረቡት ቢራዎች አንዱ በሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሁለት ጊዜ ይቀርባል፤ የትኛው እንደሆነ ከብርጭቆ አዘጋጇ በቀር ማንም አያውቅም። የሚፈተነው ቢራው አይደለም፣ ዳኛው ነው። ሁለቱ ነጥቦች ከአምስት በላይ ከተራራቁ የጠረጴዛው ፍርድ በሙሉ ይሰረዝና በሌሎች ዳኞች እንደገና ይቀመሳል። የእርስዎ ጠረጴዛ የተራራቀው በሠላሳ ነው። መመሪያው ለሠላሳ የሚሆን ድንጋጌ የለውም፤ ሕግ አውጪዎቹ የሰው ልጅ እስከዚያ ይደርሳል ብለው አላሰቡም ነበር።

ሕግ አውጪዎቹ ያልኩት ራሴን ለመደበቅ አይደለም። አንቀጽ ዘጠኝን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩትም ስለወደቅሁበት ነው። በጀማሪነቴ ዘመን አንዱን ቢራ ጠዋት ሠላሳ ስምንት፣ ከምሳ በፊት ደግሞ ሠላሳ ሰጠሁት። ያ ያስተማሩኝ አዛውንት ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው አሳዩኝ፤ ከዚያ አንድ ወር ብርጭቆ እንዳጥብ ፈረዱብኝ። እኔን አላባረሩኝም። ብርጭቆውን ደግማ ያቀረበችልኝንም ሴት አላባረሯትም፤ እንዲያውም በፊቴ አመሰገኗት። በዚያ ወር ሳሙና በደንብ ካልተለቀለቀ አረፋ እንደሚሞት፣ ቅባት ከቀረ ጋዙ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍ፣ በጨርቅ የተወለወለ ብርጭቆ ጨርቅ ጨርቅ እንደሚል ተማርኩ። ለእታለም ያስተማርኳት ይህንን ነው፤ አንቀጽ ዘጠኝንም አንድ ጊዜ እንኳ እንዳትዘነጋ ያስጠነቀቅኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ በጉባኤዎ ላይ የተሸረበ ማታለል ካለ፣ ዋናዋ አታላይ ከዘራዋን ይዛ ቤቷ ተቀምጣለች።

ስድስተኛ፣ ስለ ሁለቱ ደብዳቤዎች። ውጤቱ መሰረዝ ሲገባው፣ ክቡርነትዎ ሁለቱም ፍርዶች እንዲጸኑ ማድረግዎን የሰማሁት ከራሱ ከድልድዩ ጠማቂ ነው። ሰውየው ሁለት ማኅተም ያረፈባቸው ሁለት ወረቀቶች ይዞ ቤቴ መጣ። በአንዱ ጉባኤዎ ለላቀ ጥራት ወርቅ ይሸልመዋል፤ በሌላው «በተፈጥሮ ጉድለት ምክንያት» ቢራውን ለሕዝብ እንዳያቀርብ ያግደዋል። ቀኑ አንድ፣ ቁጥሩ ተከታታይ፣ ፊርማው የእርስዎ።

«እማማ፣ በየትኛው ልታዘዝ?» አለኝ።

«ሁለቱንም ግድግዳ ላይ ስቀላቸው፤ ሕዝቡ ይፍረድ» አልኩት።

ሰቀላቸው። አሁን ሰዎች ድልድዩን ተሻግረው የሚመጡት ለማንበብ ነው። እያነበቡም «ከተከለከለው አንድ፣ ከተሸለመው አንድ» እያሉ ያዛሉ፤ እሱም ፊቱን ቅጭም አድርጎ ሁለቱንም ከአንዱ በርሜል ይቀዳል። አንዳንዱ ደግሞ «የተከለከለው ይሻላል» ብሎ ይከራከራል ይባላል። እነዚህን ሰዎች ለጉባኤዎ አባልነት እንዲያስቧቸው እጠቁማለሁ።

ሰባተኛ፣ ስለ እታለም። እስካሁን ያለው ሁሉ ሊያስቅ ይችላል። ይህኛው አያስቅም።

ከውድድሩ በኋላ በነበረው ሰኞ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ማሳሰቢያ ሥር፣ እታለም «ጉባኤውን ሆን ብላ በማሳሳቷ» ከሥራ እንደታገደች የሚገልጽ ወረቀት ተለጠፈ። ባለፈው እሑድ ደግሞ ጸሐፊዎ ራሳቸው ያረቀቁትን የይቅርታ ደብዳቤ ቤቷ ድረስ ልከውላታል። ደብዳቤው «በቸልተኝነት ሁለት ብርጭቆ ደባልቄአለሁ» ይላል። ከፈረመች ወደ ጠርሙስ መጋዘን ትዛወራለች፤ ካልፈረመች ሐሙስ «በማታለል» ተሰናባች ትሆናለች። በማታለል የተሰናበተ ሰው ደግሞ ሌላ ቦታ ብርጭቆ ሊያጥብ ቀርቶ ብርጭቆ ባለበት በር እንደማያልፍ እርስዎም ያውቃሉ።

ወረቀቱን ይዛ ወደ እኔ መጣች። የታጠበ ሽርጧን አጣጥፋ በፌስታል ይዛዋለች፤ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ትመልሰው ዘንድ። ፊቴ ተቀምጣ ወረቀቱን በጣቷ እየደባበሰች «እማማ፣ ልፈርም?» አለችኝ። እኔም «የምትፈርሚው የራስሽን ስም ነው፤ በዚህ ማንም አይመክርሽም» አልኳት። ምክር መንፈጌ አልነበረም፤ እኔ ብመክራት ኖሮ ከእርስዎ በምን እለያለሁ? እሷም «መጋዘን መግባቱስ ግድ የለኝም፤ ጠርሙስም ብርጭቆ ነው። ግን ልጄ ‹እማዬ፣ በእውነት ደባልቀሽ ነው?› ብትለኝ ምን እላታለሁ? ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቁጥር ተሳስቼ አላውቅም እኮ» አለች። ከዚያም ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ሰጠችኝና «አልፈርምም። ይመልሱልኝ» አለች። በአደራዋ መሠረት ሳይፈረም ከዚህ ደብዳቤ ዋና ቅጂ ጋር አያይዤ መልሼልዎታለሁ። የወረቀቱ ጥራት ግሩም ነው፤ ለሌላ ይቅርታ ያገለግልዎታል፤ ስሙን ብቻ ይቀይሩት።

ክቡር ሆይ፤ አንቀጽ ዘጠኝን ማባረር ስላልተቻለዎ አንቀጽ ዘጠኝን የፈጸመችውን ለማባረር ተነሡ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። በተረቱ ውስጥ አህያው ማን እንደሆነ ግን ከዕድሜዬ አንጻር መናገር ስለማይገባኝ ለአንባቢ ትቼዋለሁ።

የምለምነው ጥቂት ነው። የእታለም እገዳ ይነሣ፤ ክሱ ከሰሌዳው ላይ በተለጠፈበት አኳኋን፣ በዚያው ቁመትና በዚያው ሰሌዳ፣ ስህተት መሆኑ ይለጠፍ። አሥራ አንዱም ቢራዎች መመሪያው እንደሚያዝዘው በሌሎች ዳኞች፣ ያለ ሽቶና ያለ ካሜራ እንደገና ይቀመሱ። እርስዎም ይረፉ። ምላስዎ ብዙ ደክሟል፤ በቅምሻው ባይሆንም በንግግሩ።

ከመሰናበቴ በፊት ምስጋና አለብኝ። መመሪያ ሳያነቡ መፈረም እንደሚቻል ስላሳዩን እናመሰግናለን። የወይን ጠጅ ሥርዓት በቢራ ላይ እንዲሞከር ስለፈቀዱ፣ የላስቲክ አበባ ቢራ ቢጠጣ ምን እንደሚሆን ስላወቅን እናመሰግናለን። ከሁሉም በላይ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ «ይህ ድጋሚ ብርጭቆ ጊዜ ከማባከን በቀር ምን ይጠቅማል?» እያሉ ይሟገቱኝ የነበሩ ባልደረቦቼን በአንድ ጠዋት ዝም ስላሰኙልኝ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ያላስረዳሁትን እርስዎ በሁለት ጉንጭ አስረድተዋል።

እድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እድሜው ለመማሪያ፣ ጤናው ለምላስዎ ይሁንልኝ። ለክቡርነትዎ ያለኝን አክብሮት በሚዛን አስቀምጬ፣ ሁለት ጊዜ መዝኜ፣ ሁለቱንም ጊዜ ያው ሆኖ ስላገኘሁት ያለ ቅሬታ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
በጡረታ ላይ የምትገኘው የቅምሻ ክፍሉ የቀድሞ ኃላፊ

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ልፈርም ስል በሬ ተንኳኳ። ወፍራሙ ዳኛ ነበሩ። ገና ሳይቀመጡ «እማማ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ስድስትና አሥራ ሁለት አንድ መሆናቸው እኮ ኋላ ስቀምሰው ገብቶኝ ነበር፤ ግን እሳቸው ከተናገሩ በኋላ እንዴት ልበል?» አሉኝ። አላነጋገርኳቸውም፤ ወረቀትና ብዕር ሰጠኋቸው። ጽፈው፣ ፈርመው፣ «ለሌሎቹ ዳኞች አደራ እንዳይነግሩብኝ» ብለው ሄዱ። በማግሥቱ ጠዋት ወጣቷ ዳኛ መጣች፤ ጽፋ፣ ፈርማ፣ አደራ ብላ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ጢማሙ ዳኛ መጡ፤ እሳቸውም እንዲሁ። አደራቸውን ስላልተቀበልኩ አደራ በላ አልባልም፤ አንዱ የሌላውን መምጣት የሚያውቀው ይህን ጋዜጣ ሲያነብ ነው። ሳይነጋገሩ ሦስቱም የጻፉት አንድ ነው፦ እታለም ያደረገችው መመሪያው ያዘዛትን ነው፤ ነጥባችንን የሰጠነው ሰብሳቢውን ሰምተን ነው። ወረቀቶቹን ሐሙስ ራሴ ይዤ እመጣለሁ። ጉባኤዎ አምስት ሰው ነው፤ ከአምስት ሦስት ምን ያህል እንደሆነ ለእርስዎ ማስላት ድፍረት ይሆንብኛል። ስለዚህ በሐሙሱ ስብሰባ እንደ ልማድዎ ከሁሉ ቀድመው ይናገሩ፤ ምንም አይጨነቁ። እነሱ ጽፈው ጨርሰዋል።